የቦሎቄ ጣፋጭ ባለሙያ

ስለሺ በስልሳ ስምንት ዓመቱ አዲስ አመል አወጣ። ሠላሳ ዓመት ቶሮንቶን በታክሲ ሲያስስ ኖሮ ሪታየር ካደረገ በኋላ፣ እንደ እኩዮቹ ሞል ውስጥ ተቀምጦ ፖለቲካ ሲፈታና ሲቋጥር መዋል ሲችል፣ እሱዬ ማጀት ገባ። ያውም በድብቅ! ሚስቱ ጸሐይወርቅ የሆስፒታል ላውንድሪ ሺፍቷ ደርሶ ከቶርንክሊፍ ፓርክ አፓርታማቸው በወጣች ቁጥር፣ በሩን ከውስጥ ይቆልፍና ሽርጧን ይታጠቃል።

ያሳቱት ጎረቤቱ ወይዘሮ ሚቺኮ ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው ጃፓናዊት። አንድ ቀን ከአውቶቡስ ሲወርዱ ዕቃቸውን ተሸክሞላቸው ቢገባ፣ ሻይ አቀረቡለት። ከሻዩ ጋር ነጭ፣ ክብ፣ ለስላሳ ነገር መጣ። ቢገምጠው ውስጡ ደቃቅ ቀይ ቦሎቄ ነው፤ በስኳር!

«በስመ አብ! ቦሎቄ በስኳር?» አለ በልቡ።

ሦስተኛውን ሲያነሳ ግን አሰበበት። እንቁላል የለው፣ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። ለካ የጾም ነው! በየጾሙ ከዳቦና ከተምር ሌላ ጣፋጭ የማያውቅ ሰው ይህን አግኝቶ እንዴት ዝም ይላል?

የሴትዮዋ እንግሊዝኛ ከእሱ አይሻልም፤ ቢሆንም እጁን ይዘው አስተማሩት። ቦሎቄው ሳይለሰልስ ስኳር ከገባበት ደርቆ ይቀራል። ሊጡ ከሚያጣብቅ የሩዝ ዱቄት ተቦክቶ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይበስላል፤ እጅን ስታርች ሳይነሰንሱ ከነኩት ጣት ከጣት አይላቀቅም። ስለሺ ስኳሩን አስቀድሞ የጨመረበትን ሁለት ድስት ቦሎቄ፣ ጸሐይወርቅ እንዳታይበት በላስቲክ ጠቅልሎ ጣለ። በሦስተኛው ተሳካለት። ያን ቀን ኪችን ውስጥ ብቻውን እስክስታ ወረደ።

ጉዱ የመጣው በፍልሰታ ጾም ነው። የሚካኤል ማኅበር ተራ እነሱ ቤት ደረሰ። ስለሺ ሃያ አራት ፍሬ ሠርቶ ለሚስቱ አሳያት።

«አንተ? እንቁላል መቀቀል የማትችለው?» ብላ ሳቀች። አንዱን ቀመሰች። ሳቋን ዋጠችና ትሪው ላይ ደረደረችው።

ማኅበርተኛው በልቶ ጉድ አለ። ከሴቶቹ ሁሉ ምላሷ የማያርፈው እየሩሳሌም፣ «ማነው የሠራው?» ስትል፣ ጸሐይወርቅ ዓይኗን በጨው አጥባ፣

«እኔ ነኛ!» አለች።

ስለሺ ሻዩ ትን አለው። እንግዶቹ ሲሄዱ ተፋጠጡ።

«ምን ልበል ታዲያ?» አለችው። «ባሌ ሠራው ብል፣ ባሏን ማጀት አስገባች፣ ሰነፍ ናት ነው የሚሉኝ። ሙያ በልብ ነው፤ ዝም በል።»

ስለሺ ከፋው፤ ለምን ይዋሻል? ጎበዝ ሾፌር ተብሏል፣ ደግ አባት ተብሏል፤ ባለሙያ ያለው ሰው ግን የለም። አንዲት ጊዜ ብቻ በሰው ፊት «ባሌ ነው የሠራው» ብትለው ምን ነበረበት? ሌላ ምንም አልፈለገም።

ውሸት ደግሞ እግር ያወጣል። በሳምንቱ እየሩሳሌም ኮል አድርጋ፣ «እትዬ ጸሐይ፣ ቅዳሜ ስድስት ሆነን እንመጣለን፤ ያስተምሩናል» አለቻት። ጸሐይወርቅ ስልኩን ዘግታ፣ ከሠርጋቸው ወዲህ ባልተሰማ ድምፅ፣ «ስልዬ» አለች። «እስቲ አሳየኝ።»

«ሙያ በልብ ነው» አላት ስልዬ፣ ጋዜጣውን እያገላበጠ።

ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። ወይ ፍንክች!

ቅዳሜ ስድስቱም ሴቶች ስልካቸውን ለቪዲዮ ደግነው ኪችኑን ሞሉት። ስለሺ በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቦሎቄው ተቀቅሏል፣ ዱቄቱም ቀርቧል፤ ይህን ያህል እንኳ አዝኖላታል።

«እሺ እትዬ፣ መጀመሪያ ምንድን ነው የሚደረገው?» አለች እየሩሳሌም።

ጸሐይወርቅ ድስቱን አየች። ማሰብ አቃታት፤ አርባ ዓመት የለመደ አፏ ቀደማት።

«መጀመሪያማ ሽንኩርቱን ታቁላላላችሁ።»

እየሩሳሌም ስልኳን ዝቅ አደረገች።

«ሽንኩርት? ለጣፋጩ?»

«አዎ… ቀላ እስኪል።»

ስለሺ ፊቱን በጋዜጣ ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ቆይቶ አጮልቆ ቢያይ፣ የሚስቱ ጆሮ በርበሬ መስሏል። ወይ እኔ! አለ በልቡ። ሊነሳላት ሲል ቀደመችው።

«በቃ ተዉት! እኔ አይደለሁም። ባሌ ነው የሠራው!»

ይኸው ተባለለት! ሴቶቹ ግን በሳቅ ፈረሱ። እየሩሳሌም እንባዋን እየጠረገች፣ «እትዬ ጸሐይ ደግሞ ቀልድ ያውቃሉ! ጋሽ ስለሺ ለጣፋጭ!» አለች።

ስለሺ አንገቱን ደፋ። የተመኛትን ቃል ሰምቶ እንደ ቀልድ ስታልፍበት የሚሰማውን የደረሰበት ያውቀዋል።

ጸሐይወርቅ ግን ነደደች። «ምን ያስቃችኋል? የእናንተ ባሎች ምድጃው በየት በኩል እንደሚለኮስ ያውቃሉ? ተነሥ ስለሺ! አሳያቸው!»

ተነሣ። እጁን ታጠበ፣ ሽርጧን ታጠቀ። ቦሎቄውን ፈጭቶ በስኳር አንተከተከ፣ ሊጡን አብስሎ እጁ ላይ ስታርች ነሰነሰ። ከዚያ እየቆነጠረ፣ እየዘረጋ፣ ቦሎቄውን እየጠቀለለ፣ በአንድ አፍታ ስድስት ፍሬ አሰልፎ አስቀመጠ። ሴቶቹ ስልካቸውን ደግነው ቀረጹት። ከዚያም በሉ።

«ጋሼ» አለች እየሩሳሌም አፏን እንደ ሞላች፣ «እርስዎ እኮ ባለሙያ ነዎት!»

የስለሺ ደረት ወጣ። «ሰማሽ?» ሊላት ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እሷ ግን ከኪችን ወጥታለች። ሳሎን ሶፋው ላይ ተንጋላ፣ እግሯን ጠረጴዛው ላይ ሰቅላ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍታለች።

«በቪዲዮ ይዛችሁታል አይደል?» ስትል ጮኸች። «እንግዲህ የዚህ ቤት ባለሙያ እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ ራቱም በእሱ ነው።»

«ጸሐይ…»

«ምን ጸሐይ ትለኛለህ?» አለችው፣ ዞራም ሳታየው። «አርባ ዓመት ነው የጠበቅኩህ።»