የጨረታው መጽሐፍና የወርቁ ሳንቲም

ባለቤቴ ያንን መጽሐፍ ይዞ ከአዲስ አበባ በተመለሰ ዕለት ተጣላን። እሱ ሶዶ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ክረምት ክረምት ለትምህርት አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሁለት ልጆች አሉን፤ የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ ወሩን የሚያደርሰን በመከራ ነው። እሱ ደግሞ ከሻንጣው በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ የሚከብድ ነገር አውጥቶ አልጋው ላይ አስቀመጠ።

ባሕር ማዶ ለጨረታ የቀረቡ የጥንት ሳንቲሞች ካታሎግ ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም ከነክብደቱና ከተገመተለት ዋጋ ጋር በፎቶ ታትሟል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ በስንት እንደተሸጠ የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል። ጠገራ ብሩም፣ አላዱም፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ሳንቲምም በአንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነበሩ።

«የዚሁ ጨረታ ስስ ሽፋን ያለው አልነበረም?» አልኩት።

«ነበረ።»

«ዋጋውስ?»

«ግማሽ ያህል ነው።»

«ታዲያ ሌላውን ግማሽ ለካርቶን ነው የከፈልከው?»

እሱ ግን ተረጋግቶ አስረዳኝ። ስሱ በሙጫ የተያያዘ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲገለጥ ቅጠሉ ይረግፋል። ፎቶዎቹም እዚያ ውስጥ ጥቃቅንና ጥቁርና ነጭ ናቸው። ይኼኛው በክር የተሰፋ ነው፤ ገልጠው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ሳይታጠፍ ይተኛል፤ ዋና ዋናዎቹ ሳንቲሞች ደግሞ እንደ መዳፍ ሰፍተው በቀለም ታትመዋል። ሰማሁት፤ ግን አልተዋጠልኝም። ልጄ ጫማ ያስፈልጋት ነበር።

ሶዶ ያኔ ወሬ የማይደበቅባት ከተማ ነበረች። «የዓለም ሳንቲም ሁሉ ያለበት መጽሐፍ አስተማሪው ቤት አለ» ተባለ። ከገጠር ሰዎች የእናታቸውን የአንገት ጌጥ ጠገራ ብር በመሐረብ ቋጥረው ይመጡ ጀመር። ባለቤቴ መጽሐፉን ገልጦ ያሳያቸውና «ይህ ዋጋ እዚያ ለተሸጠው ነው። ያንተ የተበሳ ነው፤ አንገት ላይ ያምራል፣ አስቀምጠው» ይላቸዋል። አንዳንዱ አኩርፎ ይሄዳል። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት።

ሰውየው የመጣው በመስከረም መጨረሻ ከሰዓት በኋላ ነው። በሞተር ብስክሌት መጣ፤ የቆዳ ጃኬት ለብሷል፤ አማርኛው የአዲስ አበባ ነው፤ ፈጠን ፈጠን ይላል። ጎረቤት ከተማ አረካ አልጋ ይዞ ንግድ እንደሚሠራ ነገረን። ምን ዓይነት ንግድ እንደሆነ ግን አልተናገረም። ከደረት ኪሱ በጥጥ የተጠቀለለ ሳንቲም አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወርቅ ነው። በሁለት የስንዴ ዘለላዎች መካከል ዘውድ የደፋ ንጉሥ ተቀርጾበታል።

የባለቤቴ ፊት ተለዋወጠ። «ይህ የአክሱም ዘመን ነው። ወንድሜ፣ ይህን መያዝም መሸጥም ያሳስራል» አለው።

ሰውየው ሳቀ። «መምህር፣ ሽጥልኝ አላልኩም። ከመጽሐፍህ ጋር አስተያየው። አንድ ሰው አመጣለሁ፤ በሱ ፊት እውነተኛ መሆኑን ትናገራለህ፤ በቃ።»

«አልችልም።»

ሰውየው ተነስቶ ጃኬቱን ዘጋ። ከግድግዳው ላይ የልጆቻችንን ፎቶ አየና በፈገግታ «ትንሿ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ነው የምትሄደው፣ አይደል?» አለኝ። ሳንቲሙን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የኛ አልመስል አለኝ። ሳንቲሙን ብንጥለው ሰውየው ይመጣል። ለፖሊስ ብንሰጠው ከማን አገኛችሁ ይሉናል፤ ሰውየው ከማን ጋር እንደሚሠራ፣ ከጀርባው ማን እንዳለ አናውቅም። በዚያ ዘመን ሰው ስለማያውቀው ሰው ከመናገሩ በፊት ግራና ቀኝ ያይ ነበር። ሳንቲሙን የበሶ ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ድንገት ትዝ ሲለኝ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል።

ልጆቹን በማግስቱ ጉኑኖ አማቴ ዘንድ ወሰድኳቸው። አማቴ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ፊቴን አየችና ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ «እስቲ ብርሃን እያለ በደንብ እንየው» አለ። መጽሐፉን መስኮቱ ሥር ገለጥነው። ያው ዓይነት ሳንቲም በትልቁ ታትሞ ነበር፤ ከዓመታት በፊት ባሕር ማዶ ተሸጧል። ባለቤቴ ንጉሡን ያያል፣ ፊደሉን ያያል፤ «እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም» ይላል። እኔ ስለ ሳንቲም አላውቅም። ዓይኔ የገባው ጠርዙ ላይ ያለች፣ የአይጥ ንክሻ የመሰለች ጎድጓዳ ቦታ ናት። ከስንዴው ዘለላ በላይ ደግሞ አንዲት ሰያፍ ጭረት አለች።

«ይቺ ጭረት በኛም ላይ አለች» አልኩት።

ሳንቲሙን ወደ ብርሃን አዞረው። ጭረቷ አለች። ንክሻዋም እዚያው ቦታ ላይ አለች። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ልብስ ሊለብሱ ይችላሉ፤ አንድ ዓይነት ጠባሳ በአንድ ቦታ እንዴት ይኖራቸዋል? ባለቤቴ አጉሊ መነጽሩን አምጥቶ ብዙ አየ። በፎቶው ላይ ጭረቷ እንደ ምላጭ የሰላች ናት፤ በእጃችን ባለው ላይ ግን ዳርና ዳሯ ደንዝዞ እንደቀለጠ ሰም ሆኗል።

«ከዚያ የተቀዳ ነው» አለ በሹክሹክታ፣ ቤት ውስጥ ከኛ ሌላ ሰው ያለ ይመስል። «ፎቶው ላይ ካለው ሳንቲም ቅርጽ አንስተው ነው ያፈሰሱት።»

ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ባለው ሚዛን መዘነው። መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ክብደት በጣም ቀለለ።

ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ቅርስ አልያዝንም፤ ነሐስ ነው የያዝነው። ግን ሰውየው የፈለገው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝና ፍርሃቴ ባሰ። ሳንቲሙ ሐሰተኛ መሆኑን እሱ ከመጀመሪያውም ያውቃል። የፈለገው አስተማሪ፣ ያውም ያንን የመሰለ ከባድ መጽሐፍ ያለው አስተማሪ ነው። በባለቤቴ አፍ ሰው ሊዘርፍ ነው።

በሳምንቱ ሰው ይዞ መጣ። አብሮት የነበሩት ከቦምቤ የመጡ የዝንጅብል ነጋዴ ናቸው፤ ሽበት የወረሳቸው፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ። አማርኛቸው ጥቂት ነው። ሲገቡ «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ፤ አነጋገራቸው አባቴን አስታወሰኝ። ሳንቲሙን ከበሶው ውስጥ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሰውየው መጽሐፉን ራሱ ከመደርደሪያው አውርዶ ገለጠና በጣቱ ዋጋውን አሳያቸው። ሽማግሌው የመጽሐፉን ሽፋን በመዳፋቸው ዳበሱት። ጠንካራው ሽፋን፣ ወርቃማው ጽሕፈት፣ የወረቀቱ ውፍረት ልባቸውን ሲያሸንፈው በዓይኔ አየሁ።

«መምህር፣ ይኸው ነው አይደል?» አለ ሰውየው። ቃሉን በቀስታ ነው የተናገረው፤ ዓይኑ ግን የልጆቹ ፎቶ ላይ ነበር።

ባለቤቴ «ይመሳሰላል» አለ። ከዚያ በላይ አልወጣውም።

ጓዳ ገብቼ የተቀቀለ ቦይና፣ የኛን አገር ጎደሬ፣ ከሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ ጋር በሰሃን አቀረብኩ። ሽማግሌው ፊት አጎንብሼ፣ ማንኛዋም የቤት እመቤት እንግዳን ብሉ እንደምትለው ድምፄን አለስልሼ፣ በወላይትኛ እንዲህ አልኳቸው፦

«አባ፣ ፊትዎን አይለውጡ፤ ይህን እየበሉ ይስሙኝ። ሳንቲሙ መጽሐፉ ላይ ካለው ሳንቲም የተቀዳ ነው፤ ወርቅ አይደለም። ሰውየው በልጆቼ አስፈራርቶን ነው። ገንዘብዎን አያውጡ።»

ሰውየው ወላይትኛ እንደማይሰማ እርግጠኛ አልነበርኩም። ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልረሳትም። ሽማግሌው አንድ ቁራጭ ቦይና አነሱ፤ ዳጣ አጠቀሱ፤ ቀስ ብለው አኘኩ። ከዚያ በዚያው በወላይትኛ «ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ከአንቺ እንደሰማሁ አላስመስልም» አሉኝ።

«ምን አሉ?» አለ ሰውየው።

«ዳጣው አቃጠለኝ ነው የሚሉት» አልኩት።

ሳቀ። ሽማግሌውም አብረውት ሳቁና በጥቂቱ አማርኛቸው «ጥሩ ነው። ገንዘብ ቦምቤ ነው። ገበያ ቀን እዚያ ና» አሉት። ሰውየው ሳንቲሙን በጥጥ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ ለባለቤቴ እጁን ሰጠው፤ ሄዱ። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ተዝለፍልፎ ቀረ። እኔ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ እስከ ገበያው ቀን ድረስ የነበረው ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነበር። ሽማግሌው ቢሰጉስ? ለሰውየው ነግረውት ቢሆንስ? አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ ወደቀ። የሠፈር ልጆች ይሆናሉ አልን፤ ግን ሁለታችንም አላመንነውም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ ወጣት ስለ ልጆቼ እንደጠየቀው ነገረኝ። ቤት ውስጥ መብራት ሳይጠፋ እናድር ጀመር።

ሽማግሌው ግን አልሰጉም። የእህታቸው ልጅ ፖሊስ ነበር። ሰውየው ገበያ ቀን ቦምቤ ደርሶ ሳንቲሙን ከጥጡ ሲያወጣ እጅ ከፍንጅ ያዙት። ወሬውን ያመጡልን ራሳቸው ናቸው፤ ዝንጅብል የጫነ አህያ አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ። ባለቤቴን አቅፈው ሳሙት። የእኔን ግን እጄን ይዘው ብዙ ጊዜ ቆዩ።

ቀጥሎ ፍርድ ቤት ተጠራን። ባለቤቴ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልሎ ወስዶ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ ለዳኛው አሳየ። ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አዩ። ሰውየው በኮሪደሩ ሲያልፍ በካቴና እንደታሰረ ቆም ብሎ «እህቴ፣ ዳጣው ነው ያቃጠላቸው አልሽኝ?» አለኝ። አላስፈራራኝም፤ አልሰደበኝምም። ግን የዚያ ቀን ሌሊት ልብሴን ሳላወልቅ ነው የተኛሁት። ተፈረደበት። መጽሐፉ ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው በማስረጃነት ቆየ፤ ሲመለስልን አንድ ቅጠል እንኳ አልረገፈም ነበር።

ባለቤቴ «መጽሐፉ ዋጋው ይገባዋል» ይላል። ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱ ልግዛ ወይ ብሎ ሲጠይቀው «ስሱን አትግዛ፣ ሥዕሉ አይታይም» ብሎ መከረው። እኔ ሐሳቤ ሌላ ነው። ያዳነን ሥዕሉ ነው፤ ሰውየውን ያመጣብን ደግሞ ሽፋኑ ነው። በስስ ሽፋን ቢሆን ኖሮ ማን ከአረካ ድረስ ይመጣ ነበር? ለአዋቂ ሰው፣ በሩን ዘግቶ ለሚያነብ፣ ያዋጣ ይሆናል። በእኛ ሁኔታ ላለ ሰው አያዋጣም።

ልጆቹን ከጉኑኖ ያመጣኋቸው ፍርዱ በተሰጠ በሳምንቱ ነው። ትንሿ ልጄ ግን ብዙ ወራት ብቻዋን መንገድ መሄድ እምቢ አለች። ማንም የነገራት የለም፤ ከኛ ፊት ላይ ነው ያነበበችው።

ሰውየው የእስራት ጊዜውን ጨርሶ መውጣቱን የነገረን የለም። ከዓመታት በኋላ አረካ መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ ከሰው መሐል አየሁት። ከስቷል፤ በላስቲክ የተቋጠረ ዳቦ ይዟል። የመኪናውን በር ያዝኩ። እሱም አየኝ፤ አወቀኝ። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን የከፈተ መሰለኝ፤ ከዚያ ግን ዓይኑን ሰብሮ ፊቱን ወደ ገበያው አዞረና ሄደ። ረዳቱ «ሶዶ፣ ሶዶ!» እያለ ተጣራ። ገባሁና ከአንዲት ሕፃን ካዘለች ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ አይታኝ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ደህና ነኝ» አልኳትና እጇን ያዝኩ። ሶዶ እስክንደርስ ድረስ ግን እጇን አልለቀቅኩም።