በግራ ጎኗ ነው

በእኛ ሰፈር ላሳንታን የማያውቅ ቢኖር እንኳ መኪናውን የማያውቅ የለም። ነጭ፣ ባለ ሁለት በር፣ አሮጌ ኮሮላ ናት። ማርሚታዋ ሕግ ከሚፈቅደው በላይ አትጮህም፤ ግን ድምጿ ጎርነን ያለ ስለሆነ ከሩዝ ማሳው ማዶ ብቅ ስትል ወጥ ቤት ሆኜ እለያታለሁ። ኡዶኑን፣ ያን ወፍራም የስንዴ ክር፣ ከፈላው ውሃ የምጨምረው ያን ጊዜ ነው። እሱ መኪናዋን አቁሞ፣ ዞሮ አይቷት፣ አቧራ ካለባት በእጀታው ጠርጎላት እስኪገባ ምሳው ይደርሳል።

እኔ ቶሚኤ እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከኩሪሃራ ጋራዥ ፊት ለፊት ያለችውን ይህችን ምግብ ቤት ብቻዬን ነው የማንቀሳቅሳት። ባሌም የመኪና እብድ ነበር። በወጣትነቱ ከኩሪሃራ ጋር በአካጊ ተራራ ጥምዝምዝ መንገድ ሲሽቀዳደሙ ፖሊስ ስንቴ አሳዷቸዋል። ስለዚህ ዘይት ዘይት የሚሸት ወንድ ብርቄ አይደለም። ላሳንታን የወደድኩት ለመኪናው ሳይሆን የበላበትን ሳህን አጥቦ ስለሚመልስልኝ ነው።

የስሪላንካ ሰው ነው። ቋንቋችንን ትማራለህ ተብሎ ወደ አገራችን መጣ፤ የተማረው ግን በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ያገለገለ መኪና እየፈቱ ኮንቴነር ውስጥ መጠቅጠቅ ነበር። ኩሪሃራ አንድ ቀን ካምቢዮ ሊገዛ እዚያ ሄደ። ሌሎቹ በመዶሻ ሲነርቱ ይሄኛው ብሎኑን በየጣሳው እየለየ ሲያስቀምጥ አየና ካምቢዮውን ረስቶ ሰውየውን ይዞ ተመለሰ። ኮሮላዋን ያገኟት በኋላ ነው፤ አንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ገለባ ተጭኖባት፣ አይጥ ወልዶባት። የላሳንታ አባት በአገራቸው እንደዚህችው ያለች ኮሮላ ታክሲ ይነዱ ነበር አሉ። ከሥራ በኋላ እየቆየ ሞተሯን አውርዶ መልሶ ገጠመው፣ ገላዋን እየጠገነ እየጠገነ ሰው አደረጋት። እሁድ ጠዋት የአሮጌ መኪና ወዳጆች ወንዝ ዳር ሜዳው ላይ ኮፈን ከፍተው ሲጎበኛኙ "ማን ሠራት?" ይላሉ። ኩሪሃራ መልስ አይሰጥም፤ በአገጩ ወደ ላሳንታ ያመለክታል። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ሚስቱ ሳንዳማሊ ምግብ የሚታሸግበት ፋብሪካ ትሠራለች። ልጃቸው ኢሱሪ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ የእናቷን ወግ በእኛ ቋንቋ ነው የምትመልሰው። አሁን የማወራው ነገር በሆነበት ዓመት ላሳንታ የዘላቂ መኖሪያ ፈቃድ ጠይቆ መልስ ይጠብቅ ነበር። ያ ወረቀት ያለው ሰው ቤቱ ቤቱ ነው። የሌለው በየጊዜው ደጅ እየጠና "ልኑር ወይ?" እያለ ይለምናል። ወረቀቱን ለማግኘት ስም እንደ ነጭ ጨርቅ መሆን አለበት፤ ላሳንታም ቢጫ መብራት ገና ከሩቅ ሲያይ ይቆማል። ከኋላው ያለው ጥሩምባውን ያስጮኻል።

"ላሳ፣ መኪና ነው የምትነዳው እንቁላል ነው የጫንከው?" ይለዋል ኩሪሃራ።

"እንቁላሉ ወረቀቴ ነው አለቃ፤ እስኪፈለፈል ይታገሱኝ" ይለዋል እሱ።

ያ ቀን የመጣው በኅዳር ነው። ላሳንታ ለኮሮላዋ ቦሎ ሊያወጣ በማለዳ ወደ ምርመራ ጣቢያ ሄዶ ነበር። ረፈድ ሲል ድምጿን ሰማሁ፤ እየሳቀ ገባ። ኩሪሃራም ተከትሎት ገብቶ የተለመደው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁላቸው።

"አለፈች" አለ ላሳንታ። "ፍሬኑንም ጭሱንም አንዴ ነው ያለፈችው። ስሄድ ግን ልቤ ቀጥ ብላ ነበር። ከቦዩ ጎን ካለው ቀጭን መንገድ አንዲት ተማሪ በብስክሌት ሳትቆም ዘው አለችብኝ። ፍሬን ያዝኩ። ቆሜአለሁ ማለት ይቻላል፤ ግን ፓራውልቱ የፊት ጎማዋን ገፋ አደረገውና ወደቀች።"

"እሺ?" አልኩ።

"ወርጄ ሮጥኩ። እሷ ቀድማኝ ተነስታ አጎንብሳ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። 'ተጎዳሽ ወይ?' አልኳት። 'ኧረ ደህና ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አስቸገርኩዎት' አለች። ደጋግሜ ጠየቅኳት። የስፖርት ልምምድ ረፍዶብኛል ብላ ብስክሌቷን እየገፋች ሄደች። ጨዋ ልጅ።"

የኩሪሃራ ሻይ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። እኔም ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ።

"ፖሊስስ ጠራህ?" አልኩት።

ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ሲወርድ አየሁት። መኪናህ ሰው ከነካ ሰውየው ቢስቅልህ፣ ቢዘፍንልህም ፖሊስ ሳትጠራ መሄድ ገጭቶ ማምለጥ ነው። ይህን መንጃ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ያውቃል። እሱም ያውቃል።

"ይቅርታ እየጠየቀችኝ እኮ ነበር እማማ" አለኝ። "ፖሊስ ብጠራ እሷን ከስሼ የማቆማት መሰለኝ። ልምምዱም ሊያልፋት ነው። ልጅቷን ላሳፍራት?"

ደሜ ፈላ። በእሱ አልነበረም፤ በእኛ ነው። ከእኛ ጋር ኖሮ ኖሮ የእኛው በሽታ ተጋብቶበታል። ሰው አላስቸግርም እያልን ገደል የምንገባ ሰዎች ነን። ስንታመም ደህና ነን፣ ስንራብ ጠግበናል። አንድ የውጭ ሰው እንኳ ከዚህ ቢተርፍ ምን ነበረበት።

"አሁን ልደውል" ብሎ ስልኩን አወጣ።

ኩሪሃራ እጁን ያዘው። "ቁጭ በል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ካለፈ በኋላ ደውለህ ምን ልትል ነው? 'ገጭቼ ሄጄ ነበር፣ ቦሎዬን አውጥቼ ሻይ ስጠጣ ትዝ አለኝ' ልትል ነው? ልጅቷ ደህና ነኝ ብላለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"አለቃ፣ ሕጉ..."

"ሕጉ የእኔን ስም ቢያበላሽ የሚጠፋብኝ መንጃ ፈቃድ ነው። የአንተን ቢያበላሽ ቤትህ ነው። ኢሱሪን አስባት።"

ይህን ብሎ ወጣና ኮሮላዋን ሸራ አለበሳት። በመስኮት እያየሁት ሳቄም ንዴቴም መጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለ፣ ዝናብ የለ፤ ሁልጊዜ ደጅ ላይ ስታብለጨልጭ የምትውል መኪና ዛሬ ተሸፍና ቆመች። ሽማግሌው ሊደብቃት ብሎ "እዩኝ" አሰኛት። ላሳንታ ስልኩን እጁ ላይ እንደያዘ ነው፤ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል።

እሱ ሳይወስን የሰፈራችን ፖሊስ አንዛይ በሞተር ሳይክሉ መጣ። ገና ወጣት ነው፣ ምሳውን እኔ ጋ ነው የሚበላው። ሸራውን አየት አደረገ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ኩሪሃራም ከኋላው ገብቶ ላሳንታ አጠገብ ተቀመጠ።

"እማማ፣ ለምሳ አይደለም የመጣሁት" አለ። "አንዲት የመለስተኛ ደረጃ ተማሪ ልምምድ ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ክሊኒክ ተወስዳለች፤ ኮቶኔ የምትባል። ሆዴን ትላለች፣ ፊቷ ወረቀት ሆኗል። ምን ሆንሽ ስትባል ብቻዬን ከብስክሌት ወደቅኩ ትላለች፤ መኪና የሚባል ነገር የለም ትላለች። የብስክሌቷ የፊት ጎማ ግን ተጣሟል፣ ነጭ ቀለምም ነክቶታል።"

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ።

"እኔ የመጣሁት ሰው ልይዝ አይደለም፤ እሱ በኋላ ይደርሳል" አለ አንዛይ። አይኑ ላሳንታ ላይ ነበር። "ሐኪሙ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው። ዝም ብላ ነው የወደቀችው ወይስ የመታት ነገር አለ? ከመታትስ የት ጋ? ቀላል ከሆነ እዚያው ተኝታ ትታያለች። ካልሆነ ወደ ከተማው ትልቁ ሆስፒታል አሁኑኑ መሄድ አለባት። ልጅቷ ደግሞ እየተዳከመች ነው፣ መልስ አትሰጥም።"

ላሳንታ አፉን ሊከፍት ሲል ኩሪሃራ ቀደመው።

"እኔ ነኝ የነዳሁት" አለ።

አንዛይ ዞረ። "እርስዎ?"

"እኔ። ኮሮላዋን ለቦሎ ስወስድ። የፊት ጎማዋን ነካ አደረግኳት፣ በቂጧ ቁጭ አለች፣ ተነስታ ሄደች። ምንም አልነካትም። ያላስመዘገብኩት ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መንጃ ፈቃዴን ውሰድ። ሽማግሌ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል።"

ድምጹ አልተንቀጠቀጠም። ያን የመሰለ ቆፍጣና ውሸት በዕድሜዬ አልሰማሁም። በጠረጴዛው ስር ደግሞ የላሳንታን እግር ረግጦ ይዞታል።

አንዛይ ተነፈሰ። "እንግዲያው የተጋጨችው ከመሬት ጋር ብቻ ነው ማለት ነው። የመታት ነገር የለም። እንደዚያ ልበላቸው?" ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

ላሳንታን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ወለሉን ያያል። ዝም ቢል በቃ አለቀ፤ ወረቀቱም ይመጣል፣ ሳንዳማሊም አትደነግጥ፣ ኢሱሪም ትምህርቷን ትቀጥላለች። አለቃው ራሱ በፈቃዱ ተሸክሞለታል። በእኛ ዘንድ አለቃ በሰው ፊት የተናገረውን ሠራተኛ አያፈርስም፤ ላሳንታ ደግሞ ኩሪሃራ የተሳሳተ ብሎን እንኳ ሲያቀብለው "አመሰግናለሁ" ብሎ ተቀብሎ በኋላ ቀስ ብሎ የሚቀይር ሰው ነው። እጁን አነሳና ሳያስበው ይመስላል የራሱ ሆድ ላይ አደረገው። እዚያ ላይ ቆየ።

"እጇን" አለ። "ስታጎነብስ እጇን እዚህ ጋ አድርጋ ነበር።"

"ምን?" አለ አንዛይ ስልኩን ዝቅ አድርጎ።

"ዝም በል አንተ ጅል" አለ ኩሪሃራ በጥርሱ መሀል።

"አለቃ እዚያ አልነበሩም። እኔ ነኝ የነዳሁት።" ቀና አለ። "በቂጧ አይደለም የወደቀችው። ስትወድቅ የብስክሌቱ መሪ ዞሮ ጫፉ ሆዷን መታት። በግራ ጎኗ ነው፤ ከጎድን አጥንቷ ስር። እጇን እዚያ አድርጋ ስታጎነብስ እኔ አክብሮት መሰለኝ። ሴቶቻችሁ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያጎነብሱት። ይዛው ነበር እኮ። ንገራቸው፣ በግራ ጎኗ ነው በላቸው።"

አንዛይ እየሮጠ ወጣ። ደጅ ላይ ቆሞ በስልክ ሲጮህ እንሰማዋለን፦ ግራ፣ መሪ፣ ጎድን። ኩሪሃራ ሁለት እጁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ አምቡላንሱ በዋናው መንገድ ወደ ከተማው እያለቀሰ አለፈ። ላሳንታ የኮሮላዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ለአለቃው አቀረበለት። ሽማግሌው እጁን አልዘረጋም፤ ላሳንታ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦለት ከአንዛይ ጋር ሄደ።

ሳንዳማሊ የፋብሪካውን ነጭ ቆብ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ኩሪሃራ ተነስቶ ግንባሩ ጠረጴዛው እስኪነካ አጎነበሰላት።

"ልሸከምለት ብዬ ነበር" አላት። "እሱ እንቢ አለኝ።"

"ለምን አልጮኹበትም?" አለችው። "ሁልጊዜ ይጮኹበት የለም? ዛሬ ለምን አነሰዎት? ኢሱሪ በእኛ ፊደል ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም። የት ልወስዳት ነው?"

ሻይ ቀዳሁላት፤ አልነካችውም። ከሰዓት በኋላ አንዛይ ደወለ። የልጅቷ ጣፊያ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ይደማ ነበር፤ ለቀዶ ሕክምናው በጊዜ ደርሳለች፣ ትተርፋለች። "ክሊኒክ ተኝታ ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ጀምሮ አንዛይ አልጨረሰውም። ሳንዳማሊ ቆቧን አውልቃ ፊቷን ሸፈነችበት፤ ለየትኛዋ ልጅ እንዳለቀሰች አልጠየቅኳትም።

የኮቶኔ ወላጆች እንዳይከሰስ ለዐቃቤ ሕጉ ጻፉለት፤ ክሱም ቀረ። መንጃ ፈቃዱ ግን ተሰረዘ። በጸደይ ደግሞ የመኖሪያው መልስ መጣ፦ አልተፈቀደም። አሁን የአንድ ዓመት ፈቃድ ነው የሚሰጡት፤ ማለቂያው እየተቃረበ ሲመጣ ምግቡን እየተወ ይሄዳል፣ እኔም ሳህኑን እያየሁ እናደዳለሁ። ኩሪሃራ ለአንድ ወር ያህል አኩርፎት ነበር። አሁን እሁድ እሁድ ኮሮላዋን ወደ ወንዝ ዳር የሚነዳት እሱ ነው፤ ላሳንታ ከጎኑ ተቀምጦ "ፍሪሲዮኑን ቀስ አለቃ፣ ቀስ" እያለ ያቃጥለዋል።

በቀደም ምሳውን ሲጨርስ ጠየቅኩት። ብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው።

"ትጸጸታለህ?"

"ጠዋት ጠዋት እጸጸታለሁ" አለኝ ሳይደብቅ። "ብርዱ ላይ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ሰው ሁሉ በመኪናው ሲያልፈኝ፣ እንዴት እንደምጸጸት አይጠይቁኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አውቶቡሱ ይመጣል። ኮቶኔን ሐኪም እስካሁን ብስክሌት ስለከለከላት በእሱ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ከሁለት ፌርማታ በኋላ ትገባለች። ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አነሳላታለሁ፣ ጎኔ ትቀመጣለች።"