ሐጂ ሱቅ የሠራናት መኪና

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ገበያ ውስጥ ሳልፍ፣ ሰልባጅ የሚሸጡ ልጆች አዲስ ቦንዳ ሲፈቱ ደረስኩ። ማሰሪያው ሲቆረጥ የታመቀው ልብስ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፍቶ ወጣ፤ ሴቶቹም ከየአቅጣጫው እጃቸውን ሰደዱ። እኔ የምገዛው ነገር አልነበረኝም፤ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ። ከሹራቡና ከጃኬቱ መሃል ሌላ ነገር ይወጣ ይሆን እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። የወጣው አንድ እግር ጫማ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ወጥቶ ያውቃል።

ማትሪክ ተፈትነን ውጤት የምንጠብቅበት ክረምት ነበር። ያኔ ሮቤ ውስጥ ባጃጅ የለም፤ ከሰፈር ሰፈር የሚያደርሰን ጋሪ ነው፣ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ጋሪውም ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ይቀራል። የክፍሌ ልጅ የሉባባ አባት ገበያው ዳር ሱቅ ነበራቸው። ሐጂ እንላቸዋለን። ሰልባጅ ልብስ፣ ሽቶ፣ የጥፍር ቀለም፣ ደብተር፣ ያልነበረ ነገር የለም። ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ ሉባባ ከባንኮኒው ጀርባ ትውላለች፤ እኔም ሰበብ እየፈለግሁ ከባንኮኒው ፊት እውላለሁ።

አንድ ቀን ሐጂ ቦንዳ ሲፈቱ ከልጆች ካፖርት መሃል አንድ ካርቶን ወጣ። ክዳኑ ላይ ቀይ መኪና ተስላለች፤ ከፊት ጎማዋ እስከ በሯ ድረስ የእሳት ነበልባል ተቀብቶባታል። ውስጡ ግን መኪና የለም። በቀጭን ዘንግ ላይ የተንጠለጠሉ ነጫጭ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች፣ የላስቲክ ጎማዎችና አገጣጠሙን በሥዕል የሚያሳይ አንድ ወረቀት ነው ያለው።

"ኩን ማሊ?" አሉ ሐጂ፣ ምንድነው ይሄ ለማለት። ተሰብሮ ነው የመጣው ብለው ወደ ጥግ ሊወረውሩት ሲሉ ሉባባ ከእጃቸው ተቀበለቻቸው።

ክዳኑ ላይ "ሆት ሮድ" የሚል ተጽፏል። መዝገበ ቃላት አምጥታ ፈለገች። አንዱ ቃል "ትኩስ"፣ ሌላው "ዘንግ" ሆነ። ትኩስ ዘንግ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ ሁለታችንም አልገባንም፤ የፈረንጅ ጎረምሶች ያረጀ መኪና ገዝተው፣ ትልቅ ሞተር ገጥመው፣ ኮፈኑን አውልቀው የሚፈነጥዙበት መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሐጂ አላባረሩኝም። የምንሠራው ግን እሳቸው በሚያዩን ቦታ፣ ባንኮኒው ላይ እንዲሆን አዘዙ። በእሷና በእኔ መሃል ያለው ያ ባንኮኒ ብቻ እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። የእነሱ ቤት የሐጂ ቤት ነው፤ የእኛ ቤት አባቴ የሚካኤልን ጽዋ የሚያወጣበት። በረመዳን ሳምቡሳ ይላክልናል፤ በፋሲካ ድፎ ዳቦ ይላክላቸዋል። ከዚያ ያለፈውን ማንም አንስቶት አያውቅም።

እኔ ቁርጥራጮቹን በምላጭ ከዘንጋቸው አላቅቃለሁ፤ እሷ ከሥዕሉ ጋር እያስተያየች ትደረድራለች። ከቤቷ ጩኮ ይዛ ትመጣ ነበር፣ የተቆላ ገብስ በቅቤ የተለወሰ። ጣታችን ቅቤ ሲነካው ሙጫው አልይዝ እያለ ሞተሩ ስንቴ እንደወደቀብን አላስታውስም። በሳሙና ታጥበን እንደገና እንጀምራለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ገዢ አይመጣም፤ ብንነጋገርም ስለማንሰማማ ዝም ብለን አንገታችንን ደፍተን እንሠራለን። በሕይወቴ እንደዚያ ዝምታ የጣፈጠኝ ነገር ጥቂት ነው።

አንድ ቀን አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ በሙጫ ተጣበቁ። ሉባባ ከመደርደሪያው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አውርዳ፣ ጥጥ ነክራ፣ እጄን ይዛ ቀስ እያለች አላቀቀችኝ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጣቴ ከተላቀቀ በኋላ እጄን የለቀቀችው ትንሽ ቆይታ ነው፤ ወይም ለእኔ እንዲያ መስሎኛል።

እየዋለ እያደረ ሐጂም መነጽራቸውን አድርገው መጠጋት ጀመሩ። ያሳሰባቸው ኮፈን የሌለው ሞተር ነበር። ዝናብ ሲመጣ ይሄ ሰውዬ ምን ሊሆን ነው እያሉ ለባለቤቱ ያዝኑለታል።

ገጥመን ስንጨርስ የቀረው ቀለም ነው። ሉባባ ቀይ የጥፍር ቀለም አወረደች። ነበልባሉን ግን አልወደደችውም፤ ሰው በገዛ መኪናው ላይ እንዴት እሳት ይስላል አለች። ተራ በተራ ቀባናት። በማግስቱ ጠዋት ስናያት ጣሪያዋ ተኮማትሮ፣ በሮቿ ተጨማድደው አገኘናት፤ ቀለሙ ፕላስቲኩን በልቶታል። ሉባባ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ አለቀሰች። ለመኪናዋ ብቻ አልመሰለኝም። የውጤቱ ቀን እየቀረበ ነበር።

መላ ያመጡት ሐጂ ናቸው። ጎባ ውስጥ መኪና የሚቀቡ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ያውቃሉ። ሉባባን ደግሞ ጎባ ካለችው አክስቷ ዘንድ ዕቃ እንድታመጣ ሊልኳት ነበር። "አብራችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ተመለሱ" አሉን። ያቺ አጭር ንግግር ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ በላይ ከበደችኝ።

መኪናዋን በነጠላ ጠቅልለን ሚኒባስ ላይ ወጣን። በእኛ አገር እህል በዓመት ሁለቴ ይዘራል፤ ነሐሴ ላይ በመንገዱ አንድ ወገን የደረሰ ገብስ ይታጨዳል፣ በሌላው ወገን ጥቁሩ መሬት ለስንዴ ይታረሳል። ሉባባ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ሁለቱንም እየዞረች ታይ ነበር።

ጋሽ ደምሴ አልሳቁብንም። የተጨማደደውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ስቱኮ ሞልተው፣ በስሱ መሠረት ቀለም ቀቡት። የዚያን ቀን ይቀቡት የነበረው አንድ አይሱዙ ስለነበር መኪናችንን በሽቦ አንጠልጥለው ከአይሱዙው በተረፈው ቀለም ነፉባት። እሷ የመረጠችው ቀይ፣ እኔ የተመኘሁት ጥቁር፤ የደረሰን ሰማያዊ።

እስኪደርቅ ከጋራዡ ደጅ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን። ከሳነቴ ተራራ በኩል ጉም እየወረደ የጎባን ጣሪያዎች አንድ በአንድ ይሸፍናቸዋል። ሉባባ እጇን በሻርፗ ጠቅልላ፣ "ውጤቱ ባይመጣ ደስ ይለኝ ነበር" አለች።

"አልፋለሁ ብለሽ አይደል እንዴ?"

"አልፋለሁ" አለች። "ለዚያ ነው።"

የምመልሰው ነገር አፌ ላይ ነበር። ቃሉን እየመረጥኩ ሳለሁ ጋሽ ደምሴ ደርቋል ብለው ጠሩን። ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ መኪናዋ እንዳትነካካ ሉባባ በሽቦዋ ከፍ አድርጋ ይዛት፣ እኔ ሰው እንዳይገፋት ክንዴን ዘርግቼ፣ እንደዚያ ሆነን ሮቤ ገባን። መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ውጤቱ መጣ። እሷ አለፈች፤ ለእኔ ጥቂት ጎደለኝ። ሐጂ ለመጣው ሁሉ ተምር አደሉ፤ ለእኔ ሁለት እጥፍ ዘግነው ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩኝም። ሉባባ ለትምህርት ወደ ጅማ ስትሄድ አውቶቡስ ተራ ሸኘናት። ዘመዶቿ ከበዋት ስለነበር በመስኮቱ ነው የተነጋገርነው። መኪናዋን ሱቁ መደርደሪያ ላይ እንዳስቀመጠቻት ነገረችኝ፤ አቧራ እንዳይበላት እንድጠብቅላት ጠየቀችኝ።

አቧራ አላስነካኋትም። በሳምንት በሳምንት እየሄድኩ በጥጥ እጠርጋት ነበር። ሐጂ ሻይ ያስመጡልኛል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሲናና ወረዳ ስንዴ እናወራለን። ለልጃቸው ሊገዟት የጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ አይሸጥም ይሏቸዋል።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ስደርስ ሐጂ ራሳቸው መኪናዋን ከመደርደሪያው አውርደው ባንኮኒው ላይ አስቀምጠዋል። ሻይ አላስመጡም።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ሉባባ ታጭታለች። አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ሰው ነው።" መኪናዋን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። "ይሄን አንተ ውሰደው። አንተ አሳፍረኸኝ አታውቅም።"

እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። መኪናዋን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ሐጂ ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ምናልባትም ከእኔ ቀድመው።

እኔም ከዚያ ሠርቼ፣ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቼ፣ አግብቼ ልጆች አሳደግሁ። መኪናዋን ልጆቼ ተጫወቱባት። በመጀመሪያ የጭስ ማውጫዋ ተሰበረ፣ ከዚያ ጎማዎቿ ጠፉ፤ መጨረሻዋን አላውቅም። አልከለከልኳቸውም። ምን ብዬ እከለክላቸዋለሁ?

አምና ለአረፋ ሰሞን አንዲት ሴት ከወጣት ልጇ ጋር ወደ ሱቄ ገብታ የዝናብ መጥረጊያ ጠየቀች። ጀርባዬን ሰጥቼ ዕቃ እደረድር ነበርና ቀድሜ ያወቅሁት ድምጿን ነው። ስዞር እሷም አወቀችኝ።

"እንደምን ነዎት?" አለችኝ።

ልጇ አጠገቧ ቆማለች። "ደህና፣ ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት?" አልኳት።

ስለ ሐጂ ሞት አጽናናኋት፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ልጅቷ ማን እንደሆንኩ በጆሮዋ ስትጠይቃት፣ "አብረን ተምረናል፤ በጣም ጎበዝ ነበሩ" አለቻት። መጥረጊያውን ይዘው ወጡ። መኪናቸው በራፌ ላይ ቆሞ ስለነበር ራሴ ገጠምኩላቸው።

ሚስቴን እወዳታለሁ፤ በቤቴም የጎደለብኝ የለም። የሚናፍቀኝ ሌላ ሕይወት አይደለም። የሚናፍቀኝ ያ ክረምት ነው፣ ሁለታችንም ገና ምንም ያልሆንንበት፣ እጃችን ሥራ ይዞ አፋችን ዝም ያለበት። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ተመልሼ ሱቄን ከፈትኩ። ገዢ አልነበረም። ማንም አለመኖሩን አየሁና ቀስ ብዬ "አንቺ" አልኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ቃሉ አሁንም እሷን ይጠራል። ከዚያ አንድ ባለ አይሱዙ ፍሬን ሸራ ፈልጎ ገባና ተነሥቼ አወረድኩለት።