በቀይ ያሰመርኩት ግድግዳ

ጋምቤላ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ባሮ ዳር ያለውን አሮጌ ግንብ ቤት ለክተህ ንድፉን አንሳ ተብዬ ከመሥሪያ ቤቴ ታዘዝኩ። ቤቱን የሠሩት መርከብ በክረምት በወንዙ ሽቅብ ይመጣ በነበረበት ዘመን የነበሩ የውጭ አገር ነጋዴዎች ናቸው ይባላል። ማንም ይሁኑ ማን፣ ሙቀትን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ይወፍራል፤ ጣሪያው ከፍ ብሏል፤ በረንዳው ቤቱን በአራቱም በኩል ዞሮታል። ወደ ወንዙ የሚያዩት በሮች ሰፋፊ ናቸው። ወደ ከተማው የምታየዋ አንዲት በር ግን ጎንበስ ካላሉላት አታስገባም። ለጭነት ያሰቡትን ያህል ለጎረቤት አላሰቡም።

ጎረቤት በማጣት እኔም ከእነሱ አልሻልም ነበር። የመጣሁት ሌላ ቋንቋ ከሚነገርባት ከመቲ ከተማ ነው። የተከራየሁበት ግቢ ሰው ሞልቶታል፤ ጨዋታው ግን በማላውቀው ቋንቋ ነው። ለሰላምታ ያህል ወደ አማርኛ ይመጡልኛል፤ ሰላምታው ሲያልቅ ተመልሰው ይሄዳሉ። ማንንም አልወቅስም፤ ቋንቋቸውን ልማር ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩም።

ግንቡን የሚጠብቁት ሚስታቸው የሞተችባቸው አንድ የአገሬው ሽማግሌ ነበሩ። በወንዙ በኩል ያለውን የበረንዳውን ጥግ ባልና ሚስቱ በጭቃ ግድግዳ ጋርደው ክፍል አድርገውት ኖረዋል። ሚስትየዋ ጭቃው ሳይደርቅ በጣቶቿ ያወጣችው ጌጥ አሁንም ይታይ ነበር። ሽማግሌው የሜትሩን ጫፍ ይይዙልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሥራው የአንድ ሳምንት ነበር፤ እኔ ወር ፈጀሁበት። ከሰዓት በኋላ ስደርስ መቀመጫ አውጥተው፣ በቆሎ ቀቅለው ይጠብቁኛል። በዚያ ከተማ የሚጠብቀኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

በእኛ ሥራ አሮጌ ቤት ለጥገና ሲነደፍ፣ ነባሩ በጥቁር ይሰመራል፣ በኋላ የተጨመረው በቀይ። ቀይ ማለት ይነሳ ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን አያውቁም። የቱን ማን እንደሠራ የምመዘግብ መስሏቸው ወደ ጥጉ ወሰዱኝና ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄን የውጭ ሰው አልሠራም» አሉኝ። «እኔና ሚስቴ ነን የሠራነው። ጻፍ።»

ጻፍኩ፤ በቀይ። እጄ የለመደውን አደረገ ብል ይቀለኝ ነበር። እውነቱ ግን አለቆቼ የሚያደንቁት ንጹሕ ንድፍ ማስረከብ አምሮኝ ነው። ደግሞስ ስንቱ ንድፍ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል፣ የእኔም ይተኛል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አልተኛም። ከወራት በኋላ ጥገናው ተፈቀደ። ሠራተኞቹ ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ግድግዳቸው እንደሚፈርስ ለሽማግሌው ልነግራቸው ሄድኩ። ሽማግሌው ሰዎች ይመጣሉ መባሉን ሰምተው፣ ቤቱን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች መስለዋቸዋል። ግድግዳቸውን አዲስ ጭቃ ሲመርጉ አገኘኋቸው፤ የሚስታቸው ጌጥ ያለበትን ቦታ ብቻ አልነኩትም። እስከ ክርናቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው ፈገግ አሉልኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩና፣ ውኃ ላምጣልዎት ወይ አልኳቸው። ከባሮ ሁለት ጀሪካን ቀድቼ አመጣሁ። ፈሪ ነኝ፤ ፈሪነቴን ያን ቀን በደንብ ተዋወቅኩት።

ግድግዳው ለመፍረስ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። አሁን ግንቡ ያምራል። በረንዳው ምንም ሳይጋርደው ዙሪያውን ይሄዳል፣ በሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደዚያው ይወስደኛል፤ ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም። ይከፋኛል፤ ማንን እከሳለሁ?

ሽማግሌው ኢታንግ ያለች ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ የሄዱ ዕለት፣ ፍራሻቸውንና ድስታቸውን ወደ መናኸሪያ የሚወስዳቸው ባጃጅ ላይ ጫንኩላቸው። ሊነሱ ሲሉ እጄን ያዙና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

«እነዚህ ያፈረሱት ሰዎች አንተን አልጠየቁም» አሉኝ። «ቢጠይቁህ፣ አይነካም ትል ነበር።»

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።