የናስር አንድ ማርክ

ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ ስደርስ የትምህርት ቤቱን በር የከፈተልኝ ዘበኛው ናስር ነበር። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው። ሻንጣዬን ተቀብሎ «ኡስታዝ፣ ሙቀቱን ትለምደዋለህ» አለኝ፤ መምህርን የሚጠራው እንዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተማርኩ፤ ሙቀቱን ግን አልለመድኩትም።

የዚያኑ ዕለት የትምህርት ክፍል ኃላፊው አንድ ፓኬት ጠመኔ፣ የስም መጥሪያና የተበሳሳ ካርቶን ሰጡኝ። ካርቶኑ የሚቀመጠው በመልስ ወረቀቱ ላይ ነው። ተማሪው ያከበበው ፊደል በቀዳዳው ከታየ ማርክ ያገኛል፣ ካልታየ አያገኝም። «በክፍል ሰባ ተማሪ አለህ፤ እያነበብኩ አርማለሁ ብትል አትዘልቀውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ከዓመታት በኋላ ናስር በቅዳሜና እሁዱ መርሐ ግብር አሥረኛ ክፍል ተመዘገበ። ካለፈ ከበሩ ተነሥቶ መዝገብ ቤት እንደሚመደብ ቃል ተገብቶለት ነበር። የዘበኛ ካፖርቱን እንደለበሰ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስለ ዩኒቨርስ አስተማርኩ። ጋላክሲዎች እየተራራቁ እንደሆነ፣ ወደኋላ ሲታሰብ ሁሉም ነገር የታመቀና እጅግ የጋለ እንደነበር ነገርኳቸው። ናስር እጁን አወጣ።

«አላህ እንደፈጠረው እናምናለን። ፊዚክስስ ምን ይላል? መጀመሪያ አለው?»

«ፊዚክስ የሚያየው እስከዚያ ድረስ ነው። ከዚያ በፊት የሆነ ነገር ይኑር አይኑር ገና አልታወቀም» አልኩት። ደብተሩ ላይ ጻፈው።

የማጠቃለያ ፈተናውን ሳወጣ ደክሞኝ ነበር። ከአንድ የድሮ ፈተና ገለበጥኩ፦ «ዩኒቨርስ መጀመሪያ አለው። እውነት ወይስ ሐሰት?» ለማረሚያ አዲስ ካርቶን ወስጄ «እውነት» ላይ በሳሁት።

ናስር አንዱንም አላከበበም። ከጎኑ «ገና አልታወቀም» ብሎ ጽፏል። በቀዳዳው ምንም አልታየም፤ ዜሮ ሰጠሁት። ማለፊያው ሃምሳ ነበር፣ እሱ አርባ ዘጠኝ አመጣ።

ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ኡስታዝ፣ የዚች ጥያቄ መልስ እኮ አንተ ያስተማርከው ነው።»

የትምህርት ክፍል ኃላፊውን ማርኩ ይስተካከል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «የውጤት ሮስተሩ ተፈርሟል። ይህን ከነካህ የሁሉንም ክፍል ወረቀት እንደገና ልታርም ነው» አሉኝ። ያን ሁሉ ወረቀት አስቤ ተውኩት። ለናስርም «ምረጥ ተባልክ፣ አልመረጥክም» አልኩት።

«እሺ ኡስታዝ» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገበም፤ የመዝገብ ቤቱም ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ከዚያ በኋላ በዚያ በር አሥራ አንድ ዓመት ገባሁ፣ ወጣሁ። በየጠዋቱ ይከፍትልኛል፣ ሰላም እንባባላለን። በየጠዋቱ አፍር ነበር።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በሩ ላይ ቆምኩ። «ናስር፣ ያኔ የተሳሳተው ጥያቄው ነው። መልስህ ልክ ነበር።»

መቀርቀሪያውን ሳበና በሩን ከፈተልኝ።

«አውቃለሁ፣ ኡስታዝ። አንተም ያኔ ታውቅ ነበር።»

ለምትተኩን መምህራን የምለው ይህን ነው፦ ገና ያልታወቀን ነገር እውነት ወይስ ሐሰት ብላችሁ አትጠይቁ። ከጠየቃችሁ ደግሞ ሮስተሩ ቢፈረምም አስከፍቱት።