እናቴ የማትጠራው ስም

ሆሳዕና በተማርኩበት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በደርግ ጊዜ፣ የዓመቱ ውጤት የሚነገረው ወላጆች በተሰበሰቡበት ሜዳ ላይ ነበር። ከአንደኛ እስከ አሥረኛ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ከሌላ አገር ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ልጆች ናቸው፤ አማርኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት። የነጋዴዎቹ ልጆች ደግሞ በሒሳብ አይቻሉም። እቤታችን ሀዲይኛ የምንናገረው እኛና ከዱራሜ በኩል የመጡት ከምባትኛ ተናጋሪዎች መሐል ላይ እንርመሰመሳለን። እኔማ ከመሐልም ወደ ጅራቱ ነበርኩ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ እዚያ ጅራት ላይ እንድደርስ እናቴ ምን እንደሆነች አይቻለሁና።

ያስመዘገበችኝ እሷ ናት፤ አባቴ ያኔ አገዳ ቆረጣ ወንጂ ወርዶ ነበር። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ስለነበር ሰልፉ እስከ ባሕር ዛፎቹ ይደርሳል። ተራችን ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ ስሜን እስከ አያት ጠየቀ። እናቴ የእኔን ነገረችው፣ የአባቴንም እንደምንም ነገረችው፣ ከዚያ ዝም አለች።

በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። እሱን መጥራት ቀርቶ፣ ስሙን የሚመስል ቃል ሲያጋጥማት በሌላ ትተካዋለች። እናቴ ከአያቴ ጋር በአንድ ግቢ ስትኖር አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። እኔም ብሆን «አባ» ከመባል በቀር ሌላ ስም ያለው አይመስለኝም ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ከሩቅ የመጣ ነው፤ አገሩን አያውቅም። የረሳችው መስሎት ሳቀ። ባሏን ጠይቃ በሚቀጥለው ዓመት እንድትመጣ ነገራትና ከኋላችን ያለውን ሰው ጠራ።

ታላቅ እህቴም እንዲሁ «በሚቀጥለው ዓመት» እየተባለች ነው ትምህርት ቤት ሳታይ የተዳረችው። እናቴ ከጠረጴዛው ፊት አልተነቃነቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስሙን ተነፈሰችው።

አልሰማሁም፣ ጮክ በይ አላት። ጮክ አለች። ከኋላችን የተሰለፉት የአገሬው ሴቶች መሬት መሬቱን አዩ። እሱ ምንም ሳይገባው ጻፈ።

መንገዱን ሁሉ አላናገረችኝም፤ እየጎተተችኝ ነበር የምትሄደው። ሌላ ሰው ሳይቀድማት ራሷ ለአያቴ ልትነግረው መቸኮሏ የገባኝ እቤት ስንደርስ ነው። አያቴ ከእንሰቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ተንበርክካ፣ «አባቴ፣ ስምዎን ጠርቻለሁ፤ ያውም በሰው ፊት» አለችው። ለምን እንደጠራችውም ነገረችው።

ኮስታራ ሰው ነበር፤ እወደዋለሁ፣ ግን ስፈራው ለጉድ ነው። ፊቱ ሲጠቁር አይቼ ማልቀስ ጀመርኩ። አሁን ከትምህርት ቤቱ ያስቀረኛል፣ እሷንም ይቆጣታል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ ጻፉት ወይ ብሎ ጠየቃት። ጽፈውታል አለችው።

«እንግዲያ ተነሺ፣ ልጄ» አላት። «እኔ ደጁን ያልረገጥኩት ትምህርት ቤት ስሜን አስገባሽልኝ።»