ቀኝ ለሚያውቅ፣ ግራ ለማያውቅ

መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል ምንም ሳይገባችሁ ከክፍሉ ጋር አብራችሁ «አዎ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተማሪ ሳለሁ ብያለሁ። መምህርት ስሆን ደግሞ ሲሉኝ አምኛለሁ፤ ይሄኛው ይብሳል።

ሸዋ ሮቢት የተመደብኩት የፕላዝማው ቴሌቪዥን ተበላሽቶ በየክፍሉ በጨርቅ ተሸፍኖ በነበረበት ጊዜ ነው። የደብረ ሲናን ቁልቁለት ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ። ትምህርት ቤቱ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ጋሼ ታፈሰ ይባላሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ፓኬት ጠመኔ፣ አንድ ዳስተርና የዕለት ትምህርት ዕቅድ ቅጽ አስፈርመው ሰጡኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ዋናውን ሳልነግርሽ» አሉ። «ስትጠይቂ ሁሉም እጁን ያወጣል። የሚያውቀው ቀኙን፣ የማያውቀው ግራውን። አንቺ ቀኝ ቀኙን መጥራት ነው። ልጆቹ ለምደውታል።»

«ግራ ያወጡትስ ጋሼ፣ መቼ ይማራሉ?»

«እነሱ የክፍሉ ማድመቂያ ናቸው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ተውላጠ ስም ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ክፍሉ በእጅ ተሞላ። አንድ ቀኝ እጅ ጠራሁ፤ ትርጉሙን እንደ ዳዊት ወረደው። ስለ መስተጻምር ጠየቅሁ፤ እሱንም ወረዱት። ግስንም እንዲሁ። እንግሊዞች ራሳቸው እንደዚያ አያውቁትም። «ዛሬ ጠዋት ስለሠራችሁት ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ንገሩኝ» ስል ግን ቀኝ እጅ ሁሉ ወረደ። ግራው ብቻ ቀረ።

ነገር በሥርዓት ሲሆን ደስ ይለኛል። ካርቶን ቆርጬ የቃላት ካርድ ሠራሁ፦ ተውላጠ ስም በቀይ፣ መስተጻምር በሰማያዊ፣ ግስ በጥቁር። የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ኪስ ሰፍቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጋሼ ታፈሰ አዩትና «ለግምገማ ቆንጆ ነው» አሉ። ለትምህርት ይሁን አይሁን አልጠየቁም።

የካርዱ ሐሳብ ቀላል ነው። እኛ «ስትመጣ» ስንል አንድ ቃል ተናገርን። መምጣቱም፣ የመጣችው እሷ መሆኗም፣ ከሚቀጥለው ነገር ጋር የሚያያይዘው «ስ»ም እዚያው ውስጥ ተጣብቀዋል። እንግሊዝኛ ግን ሦስቱን ለያይቶ ያቆማቸዋል፦ «ዌን»፣ «ሺ»፣ «ካምዝ»። አንዱ ከጎደለ ሌላው አይሸፍንለትም።

ይህን አስረድቼ «ገባችሁ?» እላለሁ። «አዎ» ይላሉ። ቀኝ እጅ እጠራለሁ፤ ካርዱን አሳምሮ ይደረድራል። ዕቅዴ ላይ «ዓላማው ተሳክቷል» ብዬ እጽፋለሁ። ጋሼ ታፈሰን በልቤ እየናቅሁ ስድስት ወር ሙሉ የእሳቸውን ሥራ ሠራሁ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል ከወረዳ ሱፐርቫይዘር መጣ። ውጤቴ ጥሩ ከሆነ ቋሚ እሆናለሁ፤ ከወረደ ሻንጣዬን ይዤ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት እመለሳለሁ። እሱና ጋሼ ታፈሰ ከኋላ ተቀመጡ። ጠየቅሁ፤ ክፍሉ እጅ በእጅ ሆነ። ሁለት ቀኝ እጆች ጠራሁ፤ ሁለቱም መለሱ።

«አንዴ እኔ ልምረጥ» አለ ሱፐርቫይዘሩ፤ ወደ ሰዓዳ ጠቆመ።

ሰዓዳ የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ናት። ስድስት ወር ሙሉ ግራ እጇን ስላወጣች ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቅር ብሏት ተነሳች።

«እኔ አይደለሁም የምጠየቀው» አለች። «ግራ ነው ያወጣሁት።»

«ግራ ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም ማለት ነዋ። ቲቸር ያውቃሉ።»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሼ ታፈሰ በመስኮት የኒሙን ዛፍ ማየት ጀመሩ። ሱፐርቫይዘሩ ጻፈ።

የሚደበቅ ነገር አልቀረም። «ነይ ውጪ» ብዬ ከረጢቱ ፊት አቆምኳት። «ዛሬ ጠዋት ምን ሠራሽ?»

«ሽንኩርት አወረድንና መጣሁ።»

ከካርዶቹ የጎደሉትን ቃላት ጽፌ ሰጠኋት። ደረደረች፦ «አንሎዲድ ኦኒየንስ አንድ ኬም።»

«ማነው ያወረደው?»

«አወረድን አልኩዎት እኮ።»

«ለእኔማ ነግረሽኛል። ካርዱ ላይ የቱ ጋ አለ?»

ብዙ አየችው። «የለም» አለች። «የእነሱ ግስ የማን እንደሆነ አይናገርም እንዴ?»

«አይናገርም። «ኬም» ለእኔም፣ ላንቺም፣ ለአባትሽም ያው «ኬም» ነው።»

«ወላሂ ሰነፍ ግስ ነው» አለች። ከቀዮቹ ካርዶች «ዊ»ን መጀመሪያ ላይ፣ «አይ»ን ከ«አንድ» ቀጥሎ አስገባች። ደወሉ ተደወለ። በስድስት ወር ውስጥ ያስተማርኩት የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን ሞልቶ አሳየኝ። ለሰሌዳ አጠቃቀም ሙሉ ነጥብ። ለማዳበሪያ ከረጢቱ ሙሉ ነጥብ። ለተማሪ ተሳትፎ ዝቅተኛ፤ ምክንያት፦ «ተማሪዋ ሥርዓት አላከበረችም።» አንዲት ልጅ የማታውቀውን አውቃ መቀመጧን የሚያስሞላ ቦታ ቅጹ ላይ የለም። የሙከራ ጊዜዬ በሦስት ወር ተራዘመ።

«እሷን ከኋላ አታስቀምጫትም ነበር?» አሉ ጋሼ ታፈሰ።

«ካሁን በኋላ ከፊት ነው የማስቀምጣት።»

«እንግዲህ ዕቃሽን ሸክፊያ።»

በማግስቱ እጅ ማውጣትን ከለከልኩ። በስም መጥሪያው ተራ እየጠራሁ ሁሉንም ካርድ ማስደርደር ጀመርኩ። ቀኝ እጆቹ ተቆጡ፤ ግማሾቹ የሚያውቁት ትርጉሙን ብቻ እንደነበረ ታየባቸው። መጽሐፉን አጋምሼ ቆምኩ። በዚህም በስብሰባ ተወቀስኩ።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ቋሚ ሆንኩ። ደብዳቤው ምክንያቱን «የትምህርት መርጃ መሣሪያ በአግባቡ በመጠቀም» ይላል። ከረጢቱ አስቀጠረኝ ማለት ነው። ሰዓዳ በደብዳቤው ውስጥ የለችም።

የሚያውቀውን ልጅ ብቻ መጠየቅ ማስተማር አይደለም፤ ለእንግዳ ማሳየት ነው።

እናንተም መምህራን፣ ነገ ክፍል ስትገቡ ዓመቱን ሙሉ ያልጠራችሁትን አንድ ልጅ ጥሩ። ጠዋት ከቤቱ እስኪወጣ የሠራውን በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይንገራችሁ። እስኪጨርስ አታርሙት። ሞክሩትና እዩት።